አሚን ያላልኩበት መሬት

ይህ የምጽፍላችሁ ነገር በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ እዚያው ቅዳሜ ላይ ያለቀ ነው። ዝናቡ ሲጀምር ሰዉ ገና ከምሳ አልተነሣም ነበር፤ ሲያባራ ፀሐይ አልጠለቀችም። በመካከሉ የሆነውን ለመናገር ግን ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ይኖርብኛል። መምህርት ነኝና ነገርን ከሥሩ ካላስያዝኩ አይሆንልኝም፤ ታገሡኝ።

ጭሮ ተመድቤ ስመጣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ የማስተምረው ጂኦግራፊ። ጠመኔዎቼን በየቀለማቸው ለይቼ የማስቀምጥ፣ የትምህርት ዕቅዴን ከማንም ቀድሜ የማስገባ፣ ሳይጠይቁኝ የማስረዳ ሰው ነበርኩ። የፊዚክሱ መምህር ደረጀ፣ «ራሔልን ሰዓት ስንት ነው ካላችኋት መሬት በዛቢያዋ እንዴት እንደምትዞር ነው የምትጀምርላችሁ» እያለ ያስቅብኝ ነበር። አልተሳሳተም። ነገር በትክክል ከተብራራ ሰው ሁሉ ይገባዋል፤ ከገባው ደግሞ ትክክለኛውን ያደርጋል ብዬ አምን ነበር።

በሁለተኛው ዓመቴ የመምህራን የቤት ማኅበር ውስጥ ገባሁ። አንድ አባል ወደ መቻራ ተዛውሮ ቦታው ስለ ጎደለ፣ «ነይ ሙዪልን» አሉኝ። ብዙም ሳይቆይ ከከተማው ጫፍ፣ ከዋናው አስፋልት በላይ ባለው ተዳፋት ላይ መሬት ተመራን። ጭሮን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሜዳው ከተያዘ ቆይቷል፣ አዲስ ሰፈር የሚወጣው ወደ ዳገቱ ነው። ከእኛ መሬት በላይ የጫት ማሳ፣ ከጫቱ በላይ ራቁቱን የቀረ ኮረብታ አለ።

የማዘጋጃ ቤቱ ቀያሽ ችካል ሲተክል አብሬው ዋልኩ። የሚያዳምጠው ሰው በማግኘቱ ደስ ብሎት አንድ በአንድ አስረዳኝ። ተዳፋት ላይ ሰፈር ሲወጣ መጀመሪያ የሚታሰበው ቤቱ ሳይሆን ውኃው ነው። ከሁሉም በላይ፣ ከጫቱ ማሳ ግርጌ፣ ከኮረብታው የሚወርደውን ጎርፍ ተቀብሎ ወደ አንድ ቦታ የሚመራ አግዳሚ ቦይ ይቆፈራል። እያንዳንዱ ሰው ግቢውን ሲያደላድል የጣሪያውና የግቢው ውኃ ወደ ጎን እንዲሄድ እንጂ ከበታቹ ባለው ጎረቤት ላይ እንዳይወርድ አድርጎ ነው። ከመካከል ደግሞ፣ ከላይ እስከ ታች፣ አንድ ግቢ የሚያህል ስፋት ያለው ረጅም መሬት ባዶውን ይቀራል። እሱ የውኃው መንገድ ነው። እኛ ከመምጣታችን በፊት ውኃው በዚያ ሲወርድ ኖሯል፤ ከመጣንም በኋላ በዚያው መውረዱ አይቀርም። ቀያሹ የዚያን መሬት ችካሎች ጫፋቸውን ቀይ ቀለም ቀባና፣ እዚህ ውስጥ ቤት አይሠራም፣ አጥር አይታጠርም፣ አፈርም አይደፋም ብሎ ለሁላችንም ነግሮ ሄደ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በበጋ ያ የውኃ መንገድ ከመሬቶቹ ሁሉ የሚያምረው ነበር። ጎርፍ ለዘመናት ደለል ሲያለብሰው ስለ ኖረ ለስላሳ ነው፣ ሣር አለው። የእኛ ድርሻ ድንጋይና ቁልቁለት ነው። የማያውቅ ሰው ምረጥ ቢባል የሚመርጠው እሱን ነው።

እትዬ አስካለን የማስተዋውቃችሁ እዚህ ላይ ነው። የስፖርት መምህር የነበሩት የጋሽ ግርማ ባለቤት ናቸው። ማኅበሩን ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ጋሽ ግርማ ነበሩ፤ ነገር ግን ዕጣው ሳይወጣ ታመው ሞቱ። የውርሱ ጉዳይ ሳያልቅ ዕጣው ወጣ፣ ድርሻቸውም በዚያው ቀረ። እትዬ አስካለ ከልጃቸው ከሜሮን ጋር በኪራይ ቤት ይኖሩ ነበር። ሜሮን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ናት፤ ከፊት የምትቀመጥ፣ ጥያቄ የማያልቅባት። እናቷ የሚተዳደሩት ሰንጋ በማድለብ ነው። በሐረርጌ የሚደልብ በሬ ሜዳ አይሰማራም፤ ከቤት አጠገብ ታስሮ የማሽላ አገዳና ከጫት የተረፈ ገራባ በእጅ እየጎረሰ ነው የሚሰባው። ወንድማቸው ከቦኬ ገበያ ወይፈን ይገዛላቸዋል፣ እሳቸው አድልበው ለበዓል ይሸጡታል። አከራይ ደግሞ በሬ አይወድም። በየጊዜው «ልቀቂ» ይባላሉ።

ማኅበርተኛው በዚህ ያዝን ነበር። አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከዛፉ ጥላ ሥር ተሰበሰብን፤ የሚቅመው ይቅማል፣ የማይቅመው ኦቾሎኒ ይፈለፍላል። ሊቀ መንበራችን ጋሽ ዩሱፍ ናቸው፤ ለጡረታ የተቃረቡ የሒሳብ መምህር፣ ግማሹን የጭሮ ሰው ያስተማሩ። የግርማ ልጅ ሜዳ ላይ ቀርታ እኛ ቤት ሠራን ማለት ነውር ነው ብለው ነገሩን ከፈቱ። የተቃወመ አልነበረም። ከዚያ አንዱ ተነሥቶ፣ ያ ባዶ መሬት ለምን አይሰጣቸውም አለ። የማንም አይደለም፤ ማንም አይጎዳበትም።

ተነሣሁ። እንጨት ይዤ መሬት ላይ ኮረብታውን፣ ማሳውን፣ የውኃውን መንገድ ሣልኩ። ቀያሹ ያለውን ሁሉ በቅደም ተከተል አስረዳሁ። በጨዋነት አዳመጡኝ። ስጨርስ ደረጀ፣ «አቦ ራሔል፣ ውኃው ማኅበርተኛ ነው እንዴ? መዋጮ ሲከፍል አላየሁትም» አለና ሁሉም ሳቁ። ከሴቶቹ አንዷ ግን አልሳቀችም።

«ሴት ሆነሽ ለሴት አታዝኚም?» አለችኝ።

እንጨቱን ጥዬ ተቀመጥኩ።

ጋሽ ዩሱፍ እጃቸውን ዘረጉ። እዚህ አገር ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ዱዓ ካደረገ፣ ሰውም አሚን ካለ፣ ነገሩ ታተመ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚያነሣው ሰው ከማኅበሩ ጋር ሳይሆን ከምርቃቱ ጋር ነው የሚጣላው። ቤቱን የሰላም፣ ጎረቤቱን የፍቅር ያድርግላት፣ ልጇን ያሳድግላት አሉ። እስላሙም ክርስቲያኑም አሚን አለ። እኔ አላልኩም። ደፋር ሆኜ አይደለም፤ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። እትዬ አስካለ ከዳር ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ ሰዉን አንድ በአንድ በዓይናቸው እያመሰገኑ ነበር። እኔ ጋ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆመ።

ቤቱ በጉዛ ተሠራ። ጉዛ የዚህ አገር ደቦ ነው፤ ለባለቤቱ መብል ማቅረብ ብቻ ነው የሚቀረው፣ የቀረው የጎረቤት ጉልበት ነው። ጭቃው ተረገጠ፣ ቆርቆሮው ተመታ፣ ከበስተኋላ ለሰንጋው በረት ተቀለሰ። በኋላ ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ግቢያቸውን ሲያደላድሉ የቆፈሩት አፈር ማስቀመጫ አጣ። ከአስካለ ቤት በላይ እንከምረው፣ ጎርፍ ቢመጣ ይከልላታል ተባለና ሌላ ጉዛ ተጠራ። አህያ ያለው በአህያ፣ ጋሪ ያለው በጋሪ፣ እኛም በጆንያ አጋዝን። የውኃውን መንገድ ከዳር እስከ ዳር የዘጋ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአፈር ክምር ቆመ። ልቅ አፈር ውኃ ሲጠጣ ይቀልጣል፣ ቢያንስ ድንጋይ ይልበስ፣ በጎኑም ማፍሰሻ ይውጣለት ብዬ ነበር። «ለክረምት እናለብሰዋለን» አሉኝ። በመካከላችን ክፉ ሰው አንድም አልነበረም። ያን አፈር የከመረው ርኅራኄ ነው።

እትዬ አስካለ ለሁሉም ሰላምታ ይሰጣሉ፤ እኔን ሲያዩ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። አንድ ቀን ሜሮን ከክፍል ስንወጣ እያፈረች፣ «ቲቸር፣ እማዬ ስምሽን አትጠራም። ‘አሚን ያላለችው’ ነው የምትልሽ» አለችኝ። ሳቅሁ። የሳቅሁት ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ነው።

ያ ቅዳሜ የሚያዝያ ቅዳሜ ነበር። ከእትዬ አስካለ ቤት በስተግራ ትንሽ ከፍ ብሎ ካለው ግቢዬ ውስጥ ድንጋይ እያስተካከልኩ ነበር። ሌሎቹ ቤቶች ገና ግድግዳ ናቸው፤ ሰው የገባበት የእሳቸው ብቻ ነው። ሰማዩ ከኮረብታው ጀርባ ጠቆረ፤ ነፋሱ የጫቱን ማሳ አስጎነበሰው፤ ከዚያ ዝናቡ መጣ። ደረጀ ጀምሮት ከተወው ቤት ቆርቆሮ ሥር ተጠለልኩ። ጩኸቱ ጆሮ ይደፍናል። በየግቢው መካከል ያሉት ትንንሽ ቦዮች ሞልተው ቀይ ውኃ እያንደረደሩ ወረዱ። ቀያሹ ትክክል ነበር፤ እያንዳንዱ ቦይ ሥራውን ይሠራል። በልቤ ረካሁ። ልማድ ሆኖብኝ፣ ይህንን ተማሪዎቼን አምጥቼ ባሳይ እያልኩ ነበር።

ከዚያ ዓይኔ ወደ መካከሉ ሄደ። ከእትዬ አስካለ ቤት በታች ያለው ትልቁ የውኃ መንገድ ምንም አይፈስበትም። ሣሩ በዝናብ ይረጥባል እንጂ ውኃ አይወርድበትም። የኮረብታው ጎርፍ በሙሉ እዚያ መግባት ነበረበት። ትንንሾቹ ቦዮች እንዲህ ሲሞሉ ትልቁ ባዶ ከሆነ ውኃው የት ሄደ?

ወደ ላይ ሮጥኩ። ጭቃው ጫማዬን ነጥቆ አስቀረው። ከአፈሩ ክምር ጫፍ ስደርስ መልሱ ከፊቴ ተዘርግቶ ነበር። ከክምሩ በላይ ኩሬ ሆኗል። ውኃው ዝም ብሎ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ የጫት ቅጠልና ጭራሮ ተሸክሞ ይሞላል። አግዳሚው ቦይ ከኮረብታው የሰበሰበውን ሁሉ እዚያ ያራግፋል። ከታች በኩል ክምሩ ያላበው ይመስል መንጠባጠብ ጀምሯል። አካፋ አምጥቼ ልክፈተው ብዬ አሰብኩ፤ ግን በየት? በየትም በኩል ብከፍተው የሚወርደው እነሱ ላይ ነው።

ወረድኩ። እትዬ አስካለ በራቸው ላይ ቆመው ዝናቡን ያያሉ። ሜሮን ከኋላቸው ናት።

«እትዬ፣ ይውጡ። ሜሮንን ይዘው አሁኑኑ ይውጡ።»

ከጫማ የለሽ እግሬ ጀምረው ወደ ላይ አዩኝ። «ምን ሆነሽ ነው?» አሉ።

«ከላይ ውኃ ተጠራቅሟል። ክምሩ ሊለቅ ነው።»

በእጃቸው ደጃቸውን አሳዩኝ። «ይኸውልሽ ደጄ። ይህን ያህል ዘንቦ አንድ የሚፈስ ነገር አለ? ውኃው እንኳ አዘነልኝ፤ ያላዘንሽልኝ አንቺ ነሽ።»

የሚያስፈራው እሱ አለመፍሰሱ ነው አልኳቸው። ማስረዳትም ጀመርኩ። እዚያ ዝናብ ውስጥ ቆሜ ስለ ልቅ አፈር፣ ስለ ውኃ ክብደት፣ ስለ ተዳፋቱ አወራሁ፤ በጣቴ ወደ ላይ እያመለከትኩ። ሜሮን ከኋላ፣ «እማዬ፣ እውነቷን ነው፤ ተምረነዋል» አለች። እናቷ ሳያዩዋት በእጃቸው ዝም አሰኟት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ያለ ቁጣ፣ ጠየቁኝ።

«ልክ ነሽ እንበል። የት ልሂድ?»

«ለዛሬ እኔ ጋ ይደሩ።»

«ለዛሬማ ማደሪያ አይጠፋም። እኔ የምልሽ ከዛሬ በኋላ ነው። ይህ መሬት ወረቀት የለውም፤ የያዝኩት ተቀምጬበት ነው። ጎርፍ ፈርታ ወጣች ከተባለ ነገ ማን ይመልሰኛል? አንቺ ትመልሽኛለሽ?»

ለቀያሹ ሕግ ሁሉ መልስ ነበረኝ። ለዚህ አልነበረኝም። አሚን ያላልኩ እኔ ነኝ፤ እዚህ እንዲቆዩ የማልፈልግ እኔ ነኝ። በእሳቸው ዓይን ዝናቡን ተገን አድርጌ ላስወጣቸው የመጣሁ ሰው ነበርኩ። እጃቸውን ይዤ ብጎትት በሩን ይዘጉብኛል። በዚህ ምድር ላይ አንድ ሰው ብቻ «ውጪ» ቢላቸው እንደሚሰሙ ያን ጊዜ ገባኝ።

ለጋሽ ዩሱፍ ደወልኩ፤ ስልካቸው ይጠራል፣ አይነሣም። ቁልቁል ሮጥኩ። በዚያ ዝናብ ባጃጅ የለም፤ አስፋልቱ ራሱ ወንዝ ሆኗል። ቤታቸው ከዋናው መንገድ ብዙ አይርቅም። ከጓደኞቻቸው ጋር ተቀምጠው ይቅሙ ነበር። በሩን ከፍቼ ስገባ ሁሉም ዞረው አዩኝ፤ ራሴን ያልተከናነብኩ፣ እግሬ ባዶ፣ ከላይ እስከ ታች ቀይ ጭቃ።

«ጋሼ፣ አፈሩ ጋ ውኃ ገብቷል፤ ግን አይወጣም» አልኳቸው።

ገንዳ በአንድ ቧንቧ እየሞላ በሌላው የሚፈስበትን ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩ ሰው ናቸው። ከዚያ በላይ ማብራራት አላስፈለገኝም። በእጃቸው የያዙትን ቅጠል አስቀመጡ፤ ከዘራቸውን ፈለጉ። «ነይ ኢንተለኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ጓደኞቻቸው ዝናቡ ያባራ ሲሉ አልመለሱላቸውም።

ዳገቱን ስንወጣ ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። አንዴ ተንሸራትተው በጉልበታቸው ወደቁ። ላነሣቸው ስል፣ «እኔን ተዪና ቅደሚ» አሉኝ። ያለ እሳቸው ብደርስ ምን ዋጋ አለው? ክንዳቸውን ይዤ ቀጠልን። ዝናቡ እየሳሳ ነበር። ያም አስፈራኝ፤ ዝናቡ ሲያባራ እትዬ አስካለ የበለጠ ልባቸው ይሞላልና።

እንደፈራሁት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ጋሽ ዩሱፍን ሲያዩ ደንግጠው ተነሡ።

«አስካለ፣ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ» አሉ ጋሽ ዩሱፍ።

«እርስዎም፣ ጋሽ ዩሱፍ?»

«እኔም።»

«ዱዓ አድርገው የሰጡኝን?»

ጋሽ ዩሱፍ ከዘራቸውን ከብብታቸው ሥር አደረጉና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ ያን ቀን ከዛፉ ሥር እንደ ዘረጉት። ግን መዳፋቸውን ወደ ሰማይ አልመለሱትም፤ ወደ መሬት ገለበጡት። «ያደረግሁትን ዱዓ አንሥቻለሁ» አሉ። «ስህተቱ የእኔ ነው፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ቦታሽን እኔን ትጠይቂኛለሽ። አሁን ውጪ።»

እዚህ አገር በኖርኩበት ጊዜ ሁሉ ምርቃቱን የመለሰ ሽማግሌ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። እትዬ አስካለም አያውቁም። የጋሽ ዩሱፍን የተገለበጠ እጅ አዩት። ከዚያ ቀና ብለው፣ «እሺ» አሉ። ክርክራቸው ያበቃው በዚያች ቃል ነው። ቤት ያጡት ጎርፉ ሳይመጣ፣ እዚያው በራቸው ላይ ነው።

ሜሮንን ከኋላቸው ሳቡና እጇን እጄ ውስጥ አስቀመጡት።

«ራሔል፣ ያዣት» አሉኝ።

ስሜን ሲጠሩ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ሜሮንን ይዤ ወደ ጎን፣ ወደ ግቢዬ ድንጋይ ወጣሁ። ጋሽ ዩሱፍ ከኋላችን ናቸው። እትዬ አስካለ ግን አልተከተሉንም። «ሰንጋውን ልፍታው፤ ታስሮ ይሙት እንዴ?» አሉና ወደ ቤቱ ጀርባ ዞሩ። ጋሽ ዩሱፍ፣ «ተዪው፣ አስካለ» ሲሉ ሰማሁ። ሜሮን «እማ» አለች። እጇን አጠበቅሁት።

ድምፁ የውኃ ድምፅ አልነበረም። ሲኖትራክ ድንጋይ ሲያራግፍ እንደሚሰማው ያለ ነበር። ክምሩ ከመካከሉ ሆዱ ተነፋ፣ ተከፈተ። የወረደው ነገር ቀይ ነው፣ ወፍራም ነው፣ የቆመ እንጂ የሚፈስ አይመስልም። በረቱን ጠራረገው፤ የቤቱ ግድግዳ ወደ ውስጥ ታጠፈ፤ ቆርቆሮው በአንድ ላይ ተነሥቶ እንደ ክዳን ዘንበል ብሎ ወረደ። ሁሉም ነገር ከመጮኻችን በፊት አልቆ ነበር። ሜሮን ስትጎትተኝ ጉልበቷ እንዴት እንደ በዛ አሁንም ክንዴ ያስታውሰዋል። አልለቀቅኋትም። ያዣት ተብዬ ነበር።

መጀመሪያ የወጣው ሰንጋው ነው። ከጭቃው ውስጥ እየተንገዳገደ በደረጀ ግቢ በኩል ወደ ላይ ወጣና መንገዱ ላይ ቆመ። ገመዱ ከአንገቱ ይንጠለጠላል። አልተበጠሰም። ተፈትቶ ነበር።

ከታች ካለው ሰፈር ወጣትና ሽማግሌው አካፋ ይዞ ወጣ። ፀሐይ ስትወጣ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ማለቴ ነው፣ ያ ሁሉ ጭቃ ያበራ ነበር። እትዬ አስካለን ያገኟቸው ከታች፣ ከአስፋልቱ ድልድይ አጠገብ ነው።

በማግሥቱ እሑድ ተቀበሩ። ቃሬዛውን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ከያዙት ብዙዎቹ እስላሞች ነበሩ። ጋሽ ዩሱፍ ከቅጥሩ ውጭ ቆመው ፍትሐቱ እስኪያልቅ ጠበቁ። ድንኳኑ እስኪነሣ ድረስ በየቀኑ መጥተው ከጥግ ይቀመጡ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ አናገሩኝ። «እውነቱን ብትነግሪኝም እኔ የሰማሁት ጭካኔ ነው» አሉ። የነገርኳቸውም እንደ ጨካኝ ነበር።

ከሐዘኑ በኋላ የሆነውን ነው ከሁሉም በላይ እንድትሰሙልኝ የምፈልገው። ማኅበሩ ተሰበሰበና በእኛ ረድፍ ያሉት ግቢዎች ሁሉ ከየጎናቸው ጥቂት እንዲቆርሱ ተስማማ። ገመድ ተሳበ፣ ችካል ተነቀለ፣ ችካል ተተከለ፤ ማዘጋጃ ቤቱም በኋላ አጸደቀው። ልኬቱ ከምሳ በፊት አለቀ። ከድንጋያማው ጎን፣ ውኃ ከማይደርስበት፣ ለሜሮን አንድ ግቢ ወጣ። ከመካከላችን አንድ ክፍል እንኳ የጎደለበት ሰው አልነበረም። ደረጀ ገመዱን ይዞ ቆሞ፣ «ይኼው ነው እንዴ?» አለ። ከዚያ ገመዱን ጥሎ ፊቱን ወደ ኮረብታው አዞረ።

ይኼው ነበር። «የት ልሂድ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከመጀመሪያውኑ እግራችን ሥር ነበር። እነሱ እዘኑላት አሉ፤ እኔ ሕጉን ጠብቁ አልኩ፤ ሁላችንም ትክክል ነበርን፤ ማናችንም ግን ከራሳችን ላይ አልቆረስንም። የውኃውን መሬት ሰጥተናት ለጋሾች ነን ብለን አሚን ተባባልን። ውኃው የእሱ የሆነውን መጥቶ ወሰደ።

አንባቢዎቼ፣ እናንተም ተዳፋት ላይ መሬት ተመርታችሁ ይሆናል። በበጋ የሚያምራችሁን ለስላሳ መሬት ማን እንዳለሰለሰው ጠይቁ። የቆፈራችሁትን አፈር ባዶ ቦታ ስላገኛችሁ ብቻ አትድፉ። ሲዘንብ ቦዩ ከጮኸ ተኙ፤ ዝም ካለ ግን ተነሥታችሁ ወደ ላይ ሂዱ፣ እዩ። ይህን ክፍል ውስጥም አስተምራለሁ፤ ማስረዳት አልተውኩም። ነገር ግን ስለ ጎርፍ ሳስተምር የማልዘለው አንድ ጥያቄ አለኝ። እዚህ መኖር አይቻልም ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ከሥሩ የት መኖር እንደሚቻል ጻፉ እላቸዋለሁ። ሁለተኛውን ያልመለሰ ሙሉ ነጥብ አያገኝም።

ለሜሮን ግቢው የተሰጠ ቀን አጎቷ ይዟት መጥቶ ነበር። ሰዉ ጋሽ ዩሱፍን ይመርቁ አላቸው። አልፈልግም አሉ። ተለመኑ። በመጨረሻ እጃቸውን ዘረጉ፤ ግን ከመጀመራቸው በፊት ወደ እኔ ዞረው ዓይኔን ፈለጉ። አንገቴን ነቀነቅሁላቸው። አጭር ዱዓ ነበር። ሁሉም አሚን አለ። እኔም አልኩ፤ ከሁሉም ዘግይቶ ወጣ።

ያላለች ሜሮን ብቻ ናት። እኛ እጃችንን ፊታችን ላይ ስናሳርፍ እሷ በግቢው የላይኛ ጠርዝ ቆማ ነበር። ጀርባዋን ሰጥታን ከኮረብታው ጀምራ ማሳውን፣ ቦዩን፣ አፈሩ ተጠርጎ ድንጋይ የለበሰውን የውኃ መንገድ በዓይኗ ወደ ታች ተከተለች። ማንም አልጠራትም። ጨርሳ እስክትዞር ቆመን ጠበቅናት።